ሉዊ ፓስተር፤ ስሙ በአዲስ አበባ የሰፈር ስም ሆኖ የቀረው ሊቅ

በአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ ከሳሪስ እስከ ጀሞ ከጎፋ እስከ መካኒሳ ባሉት ሰፈሮች ውሻ የነከሰው ሰው በተገኘ ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ ቁስሉን ካየ በኋላ፥ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቶሎ ወደ ፓስተር እንዲወሰድ መምከሩ ለብዙ ዘመን የቆየ ልማድ ነው። ፓስተር የሚባለው ሥፍራ በከተማው በሌላው ዳር፥ በጉለሌ፥ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ያለበት አካባቢ ነው። የታክሲ ረዳቱም ሰፈሩን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ነገር ግን ስሙን በየቀኑ ከሚያነሡት ሰዎች መካከል የአንድ ሰው ስም መሆኑን የማያውቁ ብዙዎች ናቸው፤ ከወጣቶቹ መካከልማ የወንጌል ሰባኪ ማዕረግ የሚመስላቸው አይጠፉም።

ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፥ በዛሬው ዕለተ ሰንበት የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብልህ ፈቅደናል። ሊቁ የሠራው ሥራ እጅግ ብዙ ስለሆነ ሁሉን ለመዘርዘር ቦታው አይበቃም፤ እኛም የምናዘወትረው ከውሻ ንክሻ ጋር የተያያዘውን ክፍል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሉዊ ፓስተር በፈረንሳይ አገር ጁራ በሚባለው ክፍል፥ ዶል በምትባል ከተማ፥ ዲሴምበር 27 ቀን 1822 ተወለደ። አባቱ በናፖሌዎን ሠራዊት ውስጥ ያገለገለ ወታደር ሲሆን፥ ከጦርነቱ በኋላ መተዳደሪያው ቆዳ ማልፋት ነበር። ፓስተር ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ዶልን ለቆ ሄደ፤ በኋላም አርቧ በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀመጠ። ልጁ በትምህርቱ መጀመሪያ ይህን ያህል የሚደነቅ አልነበረም። ይልቁንም የሥዕል ስጦታ ነበረው፤ የእናቱንና የአባቱን መልክ በቀለም የሣላቸው ሥዕሎች ዛሬም ተጠብቀው ይገኛሉ።

በ1831፥ ፓስተር የስምንት ዓመት ልጅ በነበረበት ጊዜ፥ አንድ ያበደ ተኵላ ከጁራ ተራራዎች ወርዶ በመንገዱ ያገኘውን ሰውና ከብት እየነከሰ አለፈ። በዚያን ዘመን ለዚህ ሕመም የሚታወቀው መድኃኒት ቁስሉን በጋለ ብረት መተኰስ ብቻ ነበርና፥ የተነከሱት ሰዎች በፓስተር ቤት አቅራቢያ ወደነበረ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ተወሰዱ። ልጁ ጩኸታቸውን ሰማ። ከተነከሱት መካከል በርከት ያሉት በብረቱ ተተኵሰውም ሳይድኑ ሞቱ። ፓስተር በሸመገለ ጊዜ እንኳ ያን ቀን አልረሳውም ይባላል።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችንም የእብድ ውሻ መድኃኒት አዋቂ የሚባሉ ሰዎች ሥር ምሰው፥ ቅጠል ቀጥቅጠው በሽተኛውን ያጠጡ ነበር፤ ዛሬም የሚያጠጡ አሉ። እዚህ ላይ ጥቂት ማሰብ ያስፈልጋል። የነከሰ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ያበደው ውሻ የነከሰውም ሰው ሁሉ አይታመምም። ስለዚህ መድኃኒተኛው ካጠጣቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሳይጠጡም ሊተርፉ የሚችሉ ነበሩ፤ ምስጋናው ግን ለመድኃኒቱ ይሆናል። የሞተውስ ሰው መጥቶ አይመሰክርም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ፓስተር ፓሪስ ገብቶ ከፍተኛ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በኬሚስትሪ ዕውቀት ታወቀ። በ1849 በስትራስቡር ከተማ ማሪ ሎራን የምትባለውን ሴት አገባ፤ እርስዋም እስከ ዕድሜው መጨረሻ የሥራው ረዳትና ጸሐፊ ነበረች። ወይንና ቢራ ለምን እንደሚበላሹ መርምሮ ምክንያቱ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን መሆናቸውን አስረዳ። ወተትን በመጠኑ አሙቆ ከብልሽት የማዳኑ ዘዴ ዛሬም በእርሱ ስም መጠራቱን አንባቢ የሚያውቀው ነው። የሐር ትል ሠራተኞችን ካሳ በሌለው ኪሣራ ላይ የጣለውንም በሽታ መርምሮ መላ አገኘለት።

በዚህ ሁሉ መካከል ቤቱን ሐዘን አልተለየውም። ከወለዳቸው አምስት ልጆች ሦስቱ ገና በልጅነታቸው ሞቱበት፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ልጆች የሞቱት በተስቦ ነበር። በ1868 ደግሞ በ45 ዓመቱ በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ግራ ጐኑ ሰነፈ። ከዚያ ወዲህ የሠራው ሥራ ሁሉ፥ አሁን የምንተርከው ጭምር፥ አንድ እጁ በደንብ በማይታዘዝለት ሰው የተሠራ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

በ1879 እና በ1880 ገደማ የዶሮ ኮሌራ የሚባለውን በሽታ ሲመረምር፥ የበሽታው ዘር በቤተ ሙከራ ውስጥ ሲቆይ ኃይሉ እንደሚደክም፥ የደከመውን የተወጋች ዶሮም ብርቱው ቢሰጣት እንደማትሞት ተመለከተ። በ1881 ይህንኑ ሐሳብ በአባ ሰንጋ ላይ ፈተነው። ፑዪ ለ ፎር በተባለ መንደር ብዙ ሕዝብ ባለበት ከበጎቹ ግማሾቹን ከትቦ፥ ግማሾቹን ሳይከትብ ትቶ፥ ለሁሉም የአባ ሰንጋን መርዝ ሰጣቸው። ያልተከተቡት በጎች አለቁ፤ የተከተቡት ግን ቆመው ይታዩ ነበር። ከብት አርቢው የአገራችን ሰው የዚህን ሙከራ ዋጋ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ ሊቁ ፊቱን ወደ እብድ ውሻ በሽታ መለሰ። በሽታው በፈረንሳይ አገር ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድል አልነበረም፤ ነገር ግን አሟሟቱ እጅግ የከፋ ስለሆነ እንደርሱ የሚፈራ ደዌ አልነበረም። ታማሚው ውሃ ይጠማዋል፥ ውሃውን ሲያይ ግን ጕሮሮው ይታነቃል፤ ነፋስ ሲነካው እንኳ ይንቀጠቀጣል፤ አእምሮውም እየተመለሰለት የሚሆንበትን ሁሉ ያውቃል። ይህ ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ በዚያን ጊዜ የሚያድን ሐኪም አልነበረም፤ ዛሬም አለ ለማለት አይቻልም።

ሆኖም ይህ ጨካኝ በሽታ አንድ ደካማ ጎን አለው። በውሻው ለሐጭ ወደ ቁስሉ የገባው መርዝ እንደ ሌሎቹ በሽታዎች በደም ውስጥ አይሮጥም፤ የነርቭን መስመር ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጕዞው ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜ ከሳምንት በጥቂት የሚበልጥ፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመት የሚሞላ ይሆናል። ንክሻው በፊት ወይም በራስ ላይ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው። የፓስተር ሐሳብ እንግዲህ መርዙ አንጎል ሳይደርስ ክትባቱ እንዲቀድመው ማድረግ ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱ ከእሽቅድምድም የሚቈጠር ነው፤ እሽቅድምድሙ የሚጀምረውም ሐኪሙ መርፌውን ባነሣ ጊዜ ሳይሆን የተነከሰው ሰው መነከሱን በተናገረ ጊዜ ነው።

የበሽታው ዘር በዚያን ዘመን ማጉያ መነጽር የሚታይ አልነበረም። ፓስተር ያላየውን ጠላት ነው የተዋጋው። ኤሚል ሩ ከተባለው ረዳቱ ጋር ሆኖ መርዙን ከጥንቸል ወደ ጥንቸል እያስተላለፈ አሳደገው። ከዚያም የሞተችውን ጥንቸል ኅብለ ሰረሰር አውጥቶ፥ እርጥበት በሚመጥ ኬሚካል በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ አንጠልጥሎ አደረቀው። አንድ ቀን የደረቀው ብርቱ ነው፤ ሁለት ሳምንት የደረቀው ግን ኃይሉ ጠፍቷል። ከደካማው ጀምሮ እያደር ብርቱውን በመስጠት ውሾች በሽታውን እንዲቋቋሙ ለማድረግ ቻለ።

በ1885 ጁላይ 4 ቀን ጠዋት በአልዛስ አገር ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በመንገድ ሲሄድ አንድ ውሻ አግኝቶ ጣለው፤ በአሥራ አራት ቦታም ነከሰው። የልጁ አባት ዳቦ ጋጋሪ ነበር። የውሻው ባለቤት አንድ ባለ ሱቅ ሲሆን፥ እርሱንም ውሻው ስለነከሰው ገደለው። ሆዱ ተከፍቶ ቢታይ ድርቆሽና የእንጨት ስባሪ ተገኘበት፤ ይህም የእብደት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። በማታ የአካባቢው ሐኪም ቁስሉን በመድኃኒት አጠበ፤ በፓሪስ አንድ ሊቅ መኖሩንም ተነግሯቸው እናቲቱ ልጁን ይዛ በባቡር ተነሣች። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንወዳለን፤ የውሻው ባለቤት ጥፋቱን ለመደበቅ ከቤቱ አልተቀመጠም። ከእናቲቱ ጋር አብሮ ፓሪስ ሄደ፤ ውሻው ምን እንደሆነና እንዴት እንደተገደለ ራሱ አስረዳ። ፓስተርም ክንዱን ቢያየው ጥርሱ ቆዳውን አልበሳውምና ወደ ቤቱ አሰናበተው።

ልጁ ከተነከሰ ሁለት ቀን ተኵል ያህል ሆኖት ጁላይ 6 ቀን ማታ የመጀመሪያው መርፌ ተወጋ። ፓስተር የሕክምና ሐኪም ስላልነበረ መርፌውን የወጋው ዶክተር ግራንሼ የተባለው ባለሙያ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ አሥራ ሦስት ጊዜ ተወጋ፤ የመጨረሻው መርፌ ያልተከተበን ሰው ሊገድል የሚችል ብርቱ ነበር። በእነዚያ ሌሊቶች ፓስተር እንቅልፍ አጣ። ልጁ ዳነ፤ አድጎም የፓስተር ኢንስቲትዩት ዘበኛ ሆኖ እስከ 1940 ኖረ።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሊቁን ስም ለማክበር ስንል እውነቱን ልንሸፍን አንፈልግም። ፓስተር ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የግል የሥራ ደብተሮቹ ለመርማሪዎች ሲከፈቱ፥ በዚያ ቀን ለልጁ የሰጠው ዓይነት ቅደም ተከተል በውሾች ላይ ገና ተሟልቶ ያልተፈተነ መሆኑ ታውቋል። ረዳቱ ሩ ራሱ ጊዜው ገና ነው የሚል አስተሳሰብ ነበረው። ስለዚህ ፓስተር የደፈረው ድፍረት በመጻሕፍት ከሚነገረው ይልቅ የሚያስፈራ ነበር። ቢሳሳት ኖሮ ዛሬ ስሙን በምን እንደምናነሣው እንጃ።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ከጁራ፥ ከራሱ ከፓስተር አገር፥ አንድ ደብዳቤ መጣ። ጸሐፊው የቪየር ፋርሌ መንደር ከንቲባ ነበር። ኦክቶበር 14 ቀን ዣን ባቲስት ዡፒይ የሚባል የ15 ዓመት እረኛ፥ አብረውት የነበሩትን ታናናሽ እረኞች ለማትረፍ ካበደ ውሻ ጋር ታግሎ፥ አፉን በጅራፉ አስሮ በእንጨት ጫማው ቀጥቅጦ ገድሎታል፤ እጆቹን ግን ክፉኛ ተነክሷል። ከንቲባው ነገሩን መርምሮ፥ ውሻውንም በእንስሳት ሐኪሞች አሳይቶ ወዲያውኑ ጻፈ። ልጁ በስድስተኛው ቀን ፓሪስ ላይ መርፌውን ጀመረ፤ ዳነም። ከውሻው ጋር ሲታገል የሚያሳይ ሐውልት በኢንስቲትዩቱ ቅጥር ግቢ ቆሞለታል። የእረኛው ጀግንነት ሐውልት ይገባዋል። እኛ ግን ደብዳቤ ለጻፈው ከንቲባም አንድ ትንሽ ሐውልት ቢቆምለት ቅር ባላለን ነበር።

በኖቬምበር 9 ቀን ደግሞ ሉዊዝ ፔልቲዬ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ይዘው መጡ። ውሻ ራስዋን ነክሷት ነበር፤ ከተነከሰችም 37 ቀን አልፏል። ፓስተር ጊዜው እንዳለፈ አወቀ። ልጅቱ ብትሞት ክትባቱ ገደላት ተብሎ የሌሎች ሰዎች እምነት እንደሚናወጥም አልጠፋውም። ነገር ግን ወላጆችዋ ሲለምኑት እንቢ ለማለት አልቻለም። መርፌው ተሰጣት፤ በሽታው ግን ቀድሞ ነበርና ዲሴምበር 3 ቀን ዐረፈች። ፓስተር በአልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ እንደነበረና ከቤቱ ሲወጣ እንዳለቀሰ ይነገራል። በማርች 1 ቀን 1886 ለሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው መግለጫ የታከሙት 350 ሲሆኑ፥ የሞተችው ይህች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች።

በዚያው ወር ከሩሲያ ከስሞሌንስክ አውራጃ ያበደ ተኵላ የነከሳቸው 19 ሰዎች ፓሪስ ደረሱ። ከተነከሱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ አንዳንዶቹም ፊታቸው ተቦጫጭቆ ነበር። ከፈረንሳይኛ ቃል የሚያውቁት ፓስተር የሚለውን ብቻ ነበር ይባላል። ከሳሪስ ታክሲ ተሳፍሮ ፓስተር ለሚል ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ጊዜው ስለዘገየ ፓስተር መርፌውን በቀን ሁለት ጊዜ አደረገው፤ ከ19ኙ 16ቱ ዳኑ፥ ሦስቱ ሞቱ። ከዚህ በኋላ ከየአገሩ ገንዘብ ተዋጥቶ፥ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥትም 100,000 ፍራንክ ሰጥቶ፥ የፓስተር ኢንስቲትዩት በኖቬምበር 14 ቀን 1888 ተመረቀ።

ልጁ ማይስተር በዳነ በዓመቱ፥ በ1886፥ አዲስ አበባ ተቈረቈረች። ከተማይቱ ገና የ17 ዓመት ሳለች፥ በ1903፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የእብድ ውሻ ወረርሽኝ እንደተነሣባት በጽሑፍ ተመዝግቦ ይገኛል። ከኢጣልያ ወረራ በኋላ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት በዋና ከተማችን ይሠራ ነበር፤ በ1960ዎቹ ሥራው ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ተላለፈ። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ብዙ ጊዜ ቢለውጥም ሕዝቡ የመጀመሪያውን አልተወም። ለብዙ ዓመታት እዚያ ይዘጋጅ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ ሲሆን፥ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ ነበር። ያን መርፌ የቀመሰ ሰው ዛሬም ሲያወራው ሆዱን ይይዛል። ብዙ ሰው ንክሻውን ይደብቅ የነበረውም ያንን መርፌ ፈርቶ ነው። አሁን በዓለም የሚመከረው ክትባት ግን ሌላ ነው፤ በጥቂት ቀጠሮ ክንድ ላይ የሚወጋ፥ ከሌላው መርፌ የማይለይ ነው።

እንዲህም ሆኖ በዓለም በዓመት 59 ሺህ ያህል ሰው፥ በአገራችን 2,700 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። ከመቶው 99ኙ የሚይዘው ከውሻ ነው። ካበደ ውሻ ንክሻ ከሚደርስባቸው ሰዎች ከመቶ 40ው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። መድኃኒቱ ከተገኘ ከ140 ዓመት በኋላ ይህ ለምን ይሆናል? አንዱ ምክንያት የክትባቱ መወደድና በየሥፍራው አለመገኘቱ ነው፤ ይህን ልንሸሽግ አንችልም። ሁለተኛው ግን ዝምታ ነው።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ማታ ማታ ከየግቢው የሚለቀቀውን፥ በሥጋ ቤትና በቆሻሻ መጣያ ዙሪያ የሚያድረውን ውሻ የማያውቅ የለም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይነከሳል፤ ድንጋይ ወርውረህ ነው ተብሎ እንዳይገረፍ ሱሪውን ስቦ ቁስሉን ይሸፍናል። እናት ብታይም ጭረት ናት ብላ ትተዋለች። የውሻው ባለቤት ከጎረቤት ጋር እንዳይጣላ ወይም ካሳ እንዳይጠየቅ ውሻው ታሞ እንደነበረ አይናገርም፤ ሌሊቱን ገድሎ ወንዝ ዳር ይጥለዋል። ያ ውሻ ግን በዚያው ቀን ሌሎች ሦስት ሰዎችን ነክሶ ይሆናል። እነርሱን የሚያስጠነቅቅ ማን ነው? የአልዛሱ ባለ ሱቅ ከእናቲቱ ጋር ባቡር መሳፈሩን ያነሣነው ለዚህ ነው።

የሰፈሩ ስም ራሱ ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ከሚያስተላልፍ የራዲዮ ጣቢያ የመጣ ነው ይባላል፤ ወሬ በፍጥነት በማድረስ የተሰየመ ሰፈር ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ እንደ ማይስተር እናት ከአገር አገር በባቡር መሄድ አያስፈልግም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ማጠብ፥ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መናገር ነው። ጤና ጣቢያው ክትባቱ ካለው ይሰጣል፤ ከሌለው ወዳለበት ይልካል። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ወዲያውኑ ለበላይ መገለጽ ካለባቸው በሽታዎች አንዱ ስለሆነ፥ የአንድ ልጅ ንክሻ ሲመዘገብ ወሬው ለእንስሳት ሐኪሞችም ይደርሳል። ውሻው ጤነኛ መስሎ የሚታይ ከሆነ አይገደልም፤ ታስሮ ወይም ተዘግቶበት አሥር ቀን ይጠበቃል፤ በአሥሩ ቀን ካልታመመ በነከሰ ጊዜ በሽታው በለሐጩ አልነበረም ማለት ነው። የልጁ መርፌ ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም፤ ይጀመራል፥ ውሻው ደኅና ከሆነ ይቆማል። ውሻው ሞቶ ከተገኘ ሐኪሞቹ አንጎሉን በላቦራቶሪ ይመረምሩታልና ከመጣሉ ወይም ከመቀበሩ በፊት ሊነገራቸው ይገባል።

ፓስተር የመጨረሻ ዓመታቱን በድካም አሳለፈ። ሕመሙ እየበረታ ሄዶ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 በ72 ዓመቱ፥ በፓሪስ አቅራቢያ የሙከራ ውሾቹ ይጠበቁበት በነበረው ሥፍራ ዐረፈ። አስከሬኑ በኋላ በኢንስቲትዩቱ ምድር ቤት በተሠራለት መቃብር ዐረፈ።

በዚያ ኢንስቲትዩት ለተነከሱት ሁሉ መዝገብ ይያዝ ነበር። የነከሳቸው ውሻ እብደት በምርመራ የተረጋገጠላቸው በአንድ ወገን፥ የእንስሳት ሐኪም ምስክርነት የሰጠላቸው በሁለተኛው፥ ውሻው የጠፋባቸው በሦስተኛው ይጻፉ ነበር። በእኛም ጤና ጣቢያ የተነከሰ ሰው ሲቀርብ የሚጠየቀው ከዚያ ብዙ አይለይም። ውሻው የማን ነው? አለ ወይስ ተገድሏል ወይስ ጠፍቷል? ተከትቦ ነበር ወይ? የት ቦታ ነከሰ? ሌላ የነከሰው ሰው አለ? ከሁሉም በፊት የሚጠየቀው ግን የተነከሰበት ቀን ነው።